ስለ ሞተር ብስክሌት ብሎን መላላትና ከዚህ ስለሚመጣው የሞተር ጥፋት

ለራያ ቆቦና ለአካባቢው የግብርና ሹማምንት

ገበሬ ማለዳ ጥማዱን ይዞ ወደ እርሻው ከመሄዱ አስቀድሞ ምራኑ ላልቶ እንደ ሆነ፥ ወገሉ ከቦታው ተንቀሳቅሶ እንደ ሆነ፥ ቀንበሩም ተሰንጥቆ እንደ ሆነ በዐይኑ አይቶ በእጁ ነክቶ ያረጋግጣል። ይህንንም የሚያደርገው ማንም አዝዞት አይደለም፤ የላላ ማረሻ በእርሻው መካከል ቢፈታበት ቀኑ እንደሚባክን፥ ዝናቡም እንደማይጠብቀው ስለሚያውቅ ነው። ይህንኑ ገበሬ ለመምከር ከወረዳ የሚወጣው የግብርና ባለሙያ ግን በሞተር ብስክሌቱ ላይ ሲቀመጥ ቤንዚን መኖሩን አይቶ መሄድ እንጂ ሌላውን መመርመር አልለመደም። ስለዚህ በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ጥግ ላይ ጎማው ተንፍሶ፥ ሞተሩ ተፈትቶ አቧራ የለበሰ ሞተር ብስክሌት ማየት ለማንኛችንም እንግዳ ነገር አይደለም። የጥፋቱ መነሻ ሲጠየቅ «አርጅቶ ነው» ይባላል። ነገሩ በደንብ ሲመረመር ግን አንዳንዱ ያረጀ ሳይሆን አንዲት ከጣት የምታንስ ብሎን ላልታበት ወይም ወድቃበት የጠፋ ሆኖ ይገኛል።

የራያ ቆላ ለሞተር የሚያስቸግር አገር ነው። ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው ታላቅ መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋው ይህ ሜዳ በምዕራብ በደጋው፥ በምሥራቅ በዞብል ተራራ የተከበበ ነው፤ ቆቦ ከተማም ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በክረምት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ በጎሊናና በሆርማት እንዲሁም በሌሎቹ ወንዞች አሸዋና ጠጠር፥ ደለልም ይዞ ይመጣል። ገበሬው ይህንን ጎርፍ እየጠለፈ ወደ ማሳው ይመልሰዋል፥ ማሽላውና ጤፉም በዚያ ይበቅልለታል። ነገር ግን ለእህል ይህን ያህል የሚበጀው ደለል በበጋ ሲደርቅ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ይሆናል፤ ጠጠሩም በየወንዙ ማቋረጫ ላይ ተነጥፎ ይቀራል። ከታላቁ መንገድ ወጥቶ ወደ ቆላ ቀበሌዎች የሚሄድ ሰው ጠጠሩ ሲያንቀጠቅጠው፥ አቧራው ሲያለብሰው ይውላል። ብሎን የሚላላው በመንቀጥቀጡ፥ የላላውም ነገር ሞተርን የሚበላው በአቧራው ነው።

ይህ ጉዳይ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ በዚህ ገጽ ላይ ባላነሣነውም ነበር። ዳሩ ግን በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ገደማ የበረሃ አንበጣ በራያ ቆቦ ማሽላና ጤፍ ላይ ሲወርድ የታየው ነገር እስካሁን ከሰው ልብ አልጠፋም። የአንበጣ መንጋ ነፋስ ሲረዳው በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መንጋው ያደረበትን ስፍራ ሌሊቱን አውቆ፥ ፀሐይ ሳትሞቅ መድኃኒት የሚረጩትን ሰዎች እዚያ ለማድረስ፥ ወሬውንም ከቀበሌ ወደ ወረዳ ለማምጣት ፈጣን መጓጓዣ ያስፈልጋል፤ በእንዲህ ያለ ቀን የቆመች አንዲት ሞተር ብስክሌት የስንት ቤተ ሰብ የዓመት ጉርስ እንደምታስከትል መገመት አያዳግትም። ከዚያም ወዲህ ከ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ ጦርነቱ ወደዚህ አገር በመዝለቁ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብዙ ንብረት ጠፍቷል። የተረፈውን ዕቃ ዕድሜ ማርዘም አዲስ ከመጠየቅ ይቀላል፥ ይፈጥናልም።

አሁን ብሎን ለምን እንደሚላላ እንመልከት። ብሎን ሲጠብቅ እንደ ተወጠረ ገመድ በጥቂቱ ይሳባል፤ ሁለቱን ብረት አጣብቆ የሚይዘውም ይህ ውጥረት ነው። ውጥረቱ እስካለ ድረስ የብሎኑ ጥርስና የዳዶው ጥርስ ተናክሰው አይንሸራተቱም። የተጣበቁት ሁለቱ ብረቶች ግን ወደ ጎን መንሸራተት የጀመሩ እንደ ሆነ ጥርሶቹም አብረው መንሸራተት ይጀምራሉ፥ ብሎኑም ማንም ሳይነካው በራሱ ወደ መፈታት ይዞራል። ይህንን ነገር ጌርሃርድ ዩንከር የተባለ የጀርመን መሐንዲስ በፈረንጅ ቁጥር በ1969 ባሳተመው ጥናት በመሣሪያ ፈትኖ አሳይቶታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ በመጀመሪያ በሚገባ ያልጠበቀ ብሎን በመንገድ ላይ ይባስ ይላላል እንጂ እንደ ነበረ አይቆይም።

የሞተር ብስክሌት ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር ስለሆነ መንቀጥቀጡ ከመኪና ሞተር ይከፋል። በደቂቃ 5,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በአንድ ሰዓት ጕዞ 300,000 ጊዜ ይዞራል፤ ፒስተኑም በያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ ይወርዳል። በዚህ ላይ የሞተሩ አካል አሉሚኒየም፥ ብሎኑ ግን ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይሰፋል፥ ሲቀዘቅዝም እንደዚያው ይኰማተራል። በቆቦ የቀትር ሙቀት ሲነዳ ውሎ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ሞተር በየቀኑ ብሎኖቹን ሲስብና ሲለቅ ይኖራል ማለት ነው።

የላላ ብሎን ሞተርን የሚያጠፋበት መንገድ ብዙ ቢሆንም በእኛ አገር ከሁሉ የሚከፋው የዘይቱ ነገር ነው። ባለ አራት ምት የሆነ አነስተኛ ሞተር በሆዱ የሚይዘው ዘይት አንድ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ከታች ያለው የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ቢወድቅ ይህ ዘይት ጥቂት መንገድ ሳይሄድ ያልቃል፤ ከዚያም ፒስተኑና ሲሊንደሩ፥ የላይኛው የቫልቭ ዘንግም ደረቅ በደረቅ ይፋተጋሉ፥ ግለው ይነካከሳሉ፥ ሞተሩም በድንገት ይቆማል። ብሎኑ ሳይወድቅ ላልቶ የሚያንጠባጥብም ቢሆን ፍጻሜው ያው ነው፤ ቀን መፍጀቱ ብቻ ይለያል።

ሁለተኛው የአቧራ መንገድ ነው። በአየር ማጣሪያውና በካርቡራተሩ መካከል ያለው የጎማ ቱቦ በጥብጣብ ብረትና በትንሽ ቪቴ ይታሰራል። ይህች ቪቴ ስትላላ ሞተሩ በማጣሪያው የነጻውን አየር ትቶ በተከፈተው ቀዳዳ አቧራ ይስባል። በአቧራው ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት ሲሊንደሩ ከተሠራበት ብረት ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ይህ ጥፋት ድምፅ የለውም፤ ነጂው የሚያውቀው ሞተሩ አቀበት መውጣት ሲያቅተው፥ ሰማያዊ ጢስ ሲያወጣና ዘይት ሲጠጣ ነው፥ ያን ጊዜም ነገሩ ያለፈ ነው። ማጣሪያውን በየሳምንቱ እያጠቡ ቱቦውን የምታስረውን ቪቴ አለመንካት በር ቈልፎ መስኮት ከፍቶ እንደ መተኛት ያለ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ እንናገር። ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያስሩት ትልልቅ ብሎኖች ሲላሉ መንቀጥቀጡ ይጨምራል፥ መንቀጥቀጡም ሌሎቹን ብሎኖች ያላላል፥ በመጨረሻም የሚሸከመው ብረት ይሰነጠቃል። ካንዴላው ቢላላ የሚነደው ጋዝ በጥርሱ መካከል እያመለጠ ጥርሱን ያበላሻል። ካቴናውን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብሎኖቹ ቢላሉ ካቴናው ከቦታው ወጥቶ በፊተኛው ጥርስ ዙሪያ ተጠቅልሎ የሞተሩን አሉሚኒየም ይሰብራል። በፍሪሲዮኑ ክዳን ውስጥ ያሉት ዳዶዎችም አይታዩም እንጂ ይላላሉ፤ ምልክታቸው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚሰማ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ነው።

ጸሐፊው በዚሁ ቆላ ያየውን ነገር እዚህ ላይ ቢያነሣ ያለ ቦታው አይሆንም። በአንድ ክረምት ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዐይነት ነገር ደረሰባቸው። የፊተኛው ማለዳ ዘይት ሲለውጥ ማፍሰሻውን በጣቱ አስገብቶ በመፍቻ ሳያጠብቀው ለስብሰባ ተጠራ፤ ከስብሰባው ሲመለስም የጠበቀ መስሎት ነዳ። በጠጠሩ ወንዝ ላይ ብሎኑ ወደቀ። ድምፁ መለወጡን ሰምቶአል፤ ነገር ግን ሳይመሽ ከተማ ለመግባት ብሎ ቀጠለ፥ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደም ሞተሩ ተነክሶ ቆመ። ሁለተኛው ከጫማው ላይ ዘይት አይቶ በዚያው ስፍራ ሞተሩን አጠፋ፥ ብስክሌቱንም እየገፋ በፀሐይ ሁለት ሰዓት ሄደ። ሰዎች ሲያዩት ሳቁበት። የዚህኛው ኪሳራ አንድ ብሎንና አንድ ሊትር ዘይት ሆነ፥ በማግሥቱም ሥራው ላይ ነበረ። የፊተኛው ግን ሲሊንደርና ፒስተን እስኪገኝ ድረስ ክረምቱን በእግሩ ሲመላለስ ከረመ፤ ሩቆቹ ቀበሌዎች ማሽላው ላይ የአገዳ ቆርቋሪ ትል ገብቶባቸው ሲጠሩት የደረሰላቸው ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ ጥንቃቄው ምንድር ነው ቢባል፥ በየማለዳው ሞተሩ ሳይሞቅ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው። ነጂው በመጀመሪያ ሞተር ብስክሌቱ ያደረበትን መሬት ይመልከት፤ የዘይት ጠብታ ካለ ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ አይነሣ። ቀጥሎ የዘይቱን ልክ ይይ። ከዚያ ማፍሰሻውን፥ ሞተሩን የሚያስሩትን ብሎኖች፥ ማርሚታውን የያዙትን ዳዶዎች፥ የአየር ቱቦውን ቪቴ፥ የካቴናውንም ጥርስ ብሎኖች በእጁ እየነካ ይለፍ። በየቀኑ ሁሉን በመፍቻ ማጥበቅ አይገባም፤ እንዲያውም ይጎዳል። የሚሻለው ብሎኑ በሚገባ ከጠበቀ በኋላ ከራሱ እስከ አጠገቡ አካል ድረስ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ነው። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል፤ ካልተሰበረ አልተነካም። ለዚህ የሚበቃው የሴቶች የጥፍር ቀለም ነው፥ ከማንኛውም ሱቅ ይገኛል። ይህን ሲሰሙ የሚስቁ ይኖራሉ፤ ነገር ግን በታላላቅ ፋብሪካዎችም ይህንኑ በመሰለ ቀለም ይሠራበታል።

ስለ ማጥበቅ ደግሞ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ከመላላት ቀጥሎ ሞተርን የሚጎዳው ከመጠን በላይ ማጥበቅ ነውና። ብዙዎቹ የሞተር ክዳን ብሎኖች ውፍረታቸው 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልካቸውም 10 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ይህም 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ አሥር ኪሎ እንደ ማንጠልጠል ያለ ኀይል ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ከዚህ እጥፍ ወይም ጥቂት የሚበልጥ ይፈልጋል። ጕልበታም ሰው ረጅም መፍቻ ይዞ ሲጠመዝዝ ግን የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይበላል፥ ከዚያ ወዲያ ብሎኑ ዞሮ ዞሮ አይይዝም። አዲስ ካንዴላ ሮንዴላው እስኪነካ በእጅ ከገባ በኋላ በመፍቻ ግማሽ ዙር ይበቃዋል፤ ቀድሞ የገባ ከሆነ ሩብ ዙር እንኳ ይበዛበታል። የሲሊንደሩ ራስ ዳዶዎች ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፥ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት ዙር፥ በመስቀል አኳኋን ትይዩ ትይዩውን እያፈራረቁ ይጠብቃሉ። የትክክለኛው ልክ ቁጥር በየሞተሩ መጽሐፍ ተጽፎ ስለሚገኝ መጽሐፉ በሣጥን ከሚቈለፍ በመካኒኩ እጅ ቢሆን ይሻላል።

መንቀጥቀጥ በሚበዛበት ስፍራ ያለውን ብሎን ለማቆየት የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ አለ። ይህን ፈሳሽ ቨርነን ክሪብል የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ መምህር በፈረንጅ ቁጥር በ1953 ያወጣው ነው፤ አየር በማያገኝበት በጥርሶቹ መካከል ይደርቃል። ሰማያዊው በመፍቻ የሚፈታ ነው፥ ቀዩ ግን ሳይሞቅ አይፈታም፤ ስለዚህ ቀዩን በትንንሽ ብሎኖች ላይ ማድረግ አይገባም። በማፍሰሻው ብሎን ላይ ግን ፈሳሽ ሳይሆን ደኅና ሮንዴላ ነው የሚያስፈልገው።

ጥንቃቄው ሳይበቃ ቀርቶ ነገሩ በመንገድ ላይ ቢደርስ ነጂው አዲስ ድምፅ በሰማበት ቅጽበት ፍሪሲዮኑን ይዞ ሞተሩን ያጥፋ። በጋለ ሞተር ላይ ውኃ አያፍስስ፤ ሊሰነጠቅ ይችላልና በጥላ ሥር ይቀዝቅዝ። ከቀዘቀዘ በኋላ ዘይቱን ይይ፥ ካንዴላውን ፈትቶ መርገጫውን በእጁ ቀስ አድርጎ ይጫን። ሞተሩ ያለ ችግር ከዞረና የጎደለው ዘይት ብቻ ከሆነ፥ ብሎኑን ተክቶ ዘይት ሞልቶ በዝግታ እየነዳ ድምፁን ማድመጥ ይችላል። ካልዞረ ወይም ሲዞር የሚያንኳኳ ነገር ካለ በመርገጥ አያስገድደው። ቀዝቅዞ የተለቀቀ ሞተርም ቢሆን አንድ ጊዜ ከተነከሰ ሲሊንደሩ ተፍቆአል፤ ተከፍቶ ሳይታይ እንደ ዳነ መቁጠር ስሕተት ነው። በጠፋው ብሎን ቀዳዳ እንጨት ወይም ጨርቅ ወትፎ ለመንዳት መሞከር ደግሞ የጨርቁን ክር ወደ ዘይት ማመላለሻው ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም።

አንዲት ቪቴ ወይም ዳዶ ወደ ሞተሩ ውስጥ ገብታለች ተብሎ ቢጠረጠር ሕጉ አንድ ነው፤ የጠፋችው ሳትገኝ ሞተሩ አይነሣ። መካኒኩ የፈታውን ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ደርድሮ ይቍጠር። በካንዴላው ቀዳዳ ወይም በካርቡራተሩ በኩል የገባች ከሆነች በማግኔት ትወጣለች፤ አሉሚኒየምና ናስ ግን በማግኔት እንደማይያዙ ይታወስ። አልወጣም ካለች የሲሊንደሩ ራስ ይነሣ። አንድ ጊዜ በመርገጫ ማስነሣት ቫልቭ ለማጣመምና ፒስተን ለመብሳት ይበቃል። በታችኛው ክፍል ከሆነ ዘይቱ በነጭ ጨርቅ ላይ ይፍሰስ፤ በማግኔት ላይ የሚታየው ግራጫ ለስላሳ ጭቃ የተለመደ ነው፥ የሚቈነጠጥ ስባሪ ግን የጥፋት ምስክር ነው። ያን ጊዜ የፍሪሲዮኑ ክዳን ይከፈት፥ የዘይቱ ወንፊት ይታጠብ፥ ዳዶዎቹም አንድ በአንድ ይታዩ፤ ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ዘይቱ እንደገና ይለወጥ። ጥርሱ የተበላ ቀዳዳ በቶርኖ ቤት ሰፋ ተደርጎ በብረት ሽቦ የተጠቀለለ አዲስ ጥርስ ቢገባለት ከቀድሞው አይተናነስም፤ ወፍራም ብሎን በግድ መጠምዘዝ ግን ክዳኑን እስከ መሰንጠቅ ያደርሳል።

ለጽሕፈት ቤት ኀላፊዎች ለብቻ የምንለው አለን። ሞተር የተበላሸበት ነጂ ሁሉ ከደመወዙ ይቈረጥበታል የሚባልበት ስፍራ እንዳለ እንሰማለን። እንዲህ ባለ ስፍራ ነጂው የላላ ብሎን ቢያይ አይናገርም፥ ድምፅ ቢሰማም ግቢው ገብቶ ሌላ ሰው እጅ ላይ እንዲሰበር ይነዳል። በእውነት ቅጣት የሚገባው ድምፅ ሰምቶ የቀጠለ ነው፤ አቁሞ የገፋው፥ የላላውንም አይቶ ያስታወቀው ሰው ግን ስሙ በመልካም ይጻፍለት። ማን ዘይት እንደ ለወጠ፥ ማን እንዳጠበቀ፥ ሁለተኛ ማን እንዳየው በአንዲት ደብተር ላይ በየቀኑ ይፈረም። ሥራውን የጀመረ ሰው ሳይጨርስ ለስብሰባ አይጠራ፤ ይህ ከኀላፊው እጅ የሚገኝ ነገር ነው፥ ገንዘብም አያስፈልገውም።

ገንዘብ የሚጠይቀው አንዲት ቆርቆሮ ሣጥን ናት። በውስጧም ባለ 6ና ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ከነዳዶአቸው፥ የማፍሰሻው ብሎን ከነሮንዴላው፥ አንድ ካንዴላ፥ የቱቦ ማሰሪያ፥ ሰማያዊው ማጣበቂያ፥ አንድ ማግኔት፥ ካቻቢቴና ልክ ልካቸውን የያዙ መፍቻዎች ይኑሩ፤ ዘይትም አንድ ሊትር በዕሽጉ። ሣጥኗ በወረዳው ብቻ ሳትሆን ከታላቁ መንገድ ርቀው በሚገኙት የቆላ ቀበሌዎችም ትገኝ። ግዢውም ከግንቦት መጨረሻ አስቀድሞ ይፈጸም፤ ክረምቱ ገብቶ ጎርፉ ማቋረጫዎቹን ከዘጋ በኋላ ሣጥኗን ወደዚያ የሚያደርስ ሰው አይገኝም።